«አልቻልኩም» የፍቅር ዘፈን ነው ወይስ የነፃነት?

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ በተማሪዎች መካከል ብዙ ጊዜ ሲነሣ የሰማነው፥ ነገር ግን በወጉ ተብራርቶ ያላየነው ነው። ይኸውም «ይህ የፍቅር ዘፈን ስለ ነፃነት ይናገራል» በሚባልበት ጊዜ የሚናገረው ማን ነው? ግጥሙ ነው፥ ዘፋኙ ነው፥ ወይስ ሰሚው? የሚል ጥያቄ ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ የታያቸው ጓደኞቻችን «አማርኛ መቼም ሰምና ወርቅ ነው» ብለው በአንድ ቃል ይዘጉታል። እኛ ግን ይህ አባባል በሩን ይዘጋል እንጂ ቤቱን አያሳይም እንላለን።

ዘፈን ለምርምር የሚበቃ ነገር አይደለም የሚል ተቃውሞ ከሁለት ወገን እንደሚመጣብን እናውቃለን። አንደኛው ወገን ቅኔንና ልብ ወለድን እንጂ በሸክላና በካሴት ሲሸጥ የኖረውን ግጥም ከሥነ ጽሑፍ አይቈጥረውም። ይህ ወገን ዘፈን በሕዝብ አፍ ላይ ስንት ዓመት እንደሚኖር፥ ልብ ወለድ ግን በመደርደሪያ ላይ ስንት ዓመት አቧራ እንደሚጠጣ ቢያስተያይ ሐሳቡን ያሻሽል ይመስለናል። ሁለተኛው ተቃውሞ የሃይማኖት ነው። እንደ እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው፥ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በገላትያ መልእክት ከሥጋ ሥራዎች መካከል «ዘፋኝነት» ተብሎ የተቈጠረውን ቃል ገና በልጅነቱ በቃሉ አጥንቶታል፤ ስለዚህ ዘፈን ሊመረምር ሲነሣ በቅድሚያ ዘፈን ስለ መስማቱ ይጠየቃል። ለዚህም መልሳችን አጭር ነው። ያንኑ መጽሐፍ ወደ ኋላ ስንገልጥ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን እናገኛለን፤ የፍቅር ዝማሬን ስለ ሌላ ታላቅ ነገር አድርጎ መተርጐም በአገራችን የተጀመረው በክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ጊዜ ሳይሆን በትርጓሜ መምህራን ጊዜ ነው። ወደዚህ ነጥብ ቈይተን እንመለሳለን።

የመረጥነው ዘፈን የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» ነው። ጥላሁን በ1933 ዓ.ም. ተወልዶ፥ በወሊሶ አድጎ፥ በሀገር ፍቅር ቴአትር ከጀመረ በኋላ ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል የገባ፥ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት እስካረፈበት ጊዜም ድረስ በሦስት መንግሥታት ዘመን ሲዘፍን የኖረ ድምፃዊ መሆኑን ለአንባብያን ማስታወስ አያስፈልግም። ለነገራችን የሚያስፈልገው የተቀጠረበት ቤት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፥ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴየር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም እነርሱን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ፤ ጄኔራሉም በዚያው ዓመት በመጋቢት በስቅላት ተቀጡ። ጥላሁን ራሱ የክብር ዘበኛ ሰው ስለ ነበረ ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተፈታ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ዘፈኑን የተረጐመው በዚህ ታሪክ ነው። ዘፋኙ አልቻልኩም ያለው ፍቅረኛውን ሳይሆን ዘመኑን ነው ተባለ። ይህ ትርጓሜ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ዛሬ እንደ ታወቀ ነገር ሆኖ ይነገራል። እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብለን ከመፍረዳችን በፊት ቃሉን ራሱን መመልከት ይገባናል፤ ተርጓሚዎቹ ዘለውት የሄዱት እርሱን ነውና።

«ቻለ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። «ሸክሙን ማንሣት ቻለ» ስንል ዐቅም ነበረው ማለታችን ነው። «መከራውን ቻለው» ስንል ግን ታገሠው፥ ተሸከመው ማለታችን ነው። ከዚህ ከአንዱ ግሥ ችሎታም ቻይነትም ይወለዳሉ። ባለ ችሎታ የሚባለው ሰው ሠርቶ የሚያሳይ ነው፤ ቻይ የሚባለው ደግሞ ሲሰድቡት ዝም የሚል ነው። ሁለቱን ጠባዮች በአንድ ሥር ያበቀለ ቋንቋ ስለ ተናጋሪዎቹ ኑሮ አንድ ነገር ይነግረን ይሆን? ይህን ለቋንቋ መምህሮቻችን እንተወዋለን። ብቻ «አልቻልኩም» የሚለው ሰው «ዐቅም አጣሁ» እያለም «ትዕግሥቴ አለቀ» እያለም ነው። የመጀመሪያው የተሸነፈ ሰው ቃል ነው፤ ሁለተኛው የሚነሣ ሰው ቃል ነው። ፍቅር የያዘው ሰው ግን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ነው። መሸነፉንና መነሣቱን ለይቶ ሊነግረን አይችልም፤ አፍቃሪ ያሰኘውም ይኸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቃሉ ተሳቢ የለውም። ምንን አልቻልክም? ማንን አልቻልክም? ተብሎ ቢጠየቅ ርእሱ አይመልስም። አማርኛ ይህን ይፈቅዳል፤ ተሳቢው ቢቀር ዐረፍተ ነገሩ አይጐድልም፥ ሰሚው ሞልቶ ይሰማዋልና። በዚያ ላይ የቃሉ ቅርጽ ኀላፊ ሲሆን ስሜቱ የአሁን ነው፤ ትናንት አልቻልኩም የሚል ሰው ዛሬም አልቻለም። ስለዚህ በ1953 ዓ.ም. ልቡ የቈሰለ ሰሚ ባዶውን ስፍራ በዘመኑ ሞላው። በሌላ ዓመት የሰማው ሌላው ደግሞ በሚስቱ፥ በአለቃው፥ በስደቱ ሞላው። ዘፈኑ ስፍራውን ባዶ አድርጎ ስለ ተወለት ነው።

በዚያው በ1953 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የግጥም ውድድር የቀረበውን የታምሩ ፈይሳን «ድኃው ይናገራል» ስናስታውስ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በዚያ ግጥም ተናጋሪው ከርእሱ ጀምሮ ታውቋል፤ ድኃው ነው። አንባቢ የሚሞላው ባዶ ስፍራ አልተተወለትም፤ እንዲተውለትም አያስፈልግም፥ ደራሲው ሊናገር የመጣው በግልጽ ነውና። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ዓመት ሰምቷቸው፥ አንደኛው በድፍረቱ ሌላው በዝምታው ኖሩ።

አሁን ወደ ሰምና ወርቅ ነገር እንምጣ። በቅኔ ቤት ደንብ ወርቁን የሚያስቀምጠው ባለቅኔው ነው። መክፈቻውንም ጨምሮ ያስቀምጣል፤ ኅብረ ቃል የሚባለው እርሱ ነው። ተማሪው ኅብሩን ሲያገኝ ወርቁ ይወጣል፤ ሳያገኝ ቢቀር ግን የራሱን ወርቅ ከኪሱ አውጥቶ ቢያኖር መምህሩ አይቀበለውም። ከዚህም በላይ ምሳሌው የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ መሆኑን መዘንጋት የለብንም። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይመርገዋል፤ ከዚያ ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፥ በስፍራውም ወርቁ ይገባል። ሰሙ የሚፈለገው እስኪቀልጥ ድረስ ብቻ ነው። እንግዲህ «በዚህ ዘፈን ፍቅሩ ሰም፥ ነፃነቱ ወርቅ ነው» የሚል ሰው፥ አውቆትም ይሁን ሳያውቀው፥ የምትወደደውን ሴት አቅልጦ አፍስሷታል ማለት ነው። ለእርሱ እርሷ የጭቃው ቀዳዳ ነበረች።

በ«አልቻልኩም» ውስጥ ባለቅኔ ያስቀመጠው እንዲህ ያለ መክፈቻ መኖሩን ያስረዳን ሰው እስከ ዛሬ አላገኘንም። የሚቀርበው ማስረጃ ሁሉ ከግጥሙ ውጭ ያለ ነው፤ ዓመቱ፥ እስራቱ፥ የክብር ዘበኛው ስም። እኛም ይህን ትርጓሜ አንጥለውም፤ ነገር ግን ስሙ ወርቅ ሳይሆን አንድምታ ነው እንላለን። የትርጓሜ መምህራን አንድ ንባብ ከተረጐሙ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፤ ሁለተኛው ሲመጣ ግን የመጀመሪያው አይባረርም። የመኃልየ መኃልይን ሙሽራ ቤተ ክርስቲያን ናት ያሉ ሊቃውንት ሙሽራነቷን አልሻሩም፤ ሙሽራ ባትሆን ኖሮ ምሥጢሩም ባልተነገረ ነበር። ለዘፈናችን የሚስማማው ደንብ ይህ ነው። አልቻልኩም፥ እርሷን ነው፤ አንድም ዘመኑን ነው።

ልዩነቱ የቃል ብቻ ነው የሚሉን ቢኖሩ ከሩቅ አገር አንድ ምስክር እንጠራለን። በስጳኝ አገር ኒኖ ብራቮ የሚባል ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1972 «ሊብሬ» የሚል ዘፈን አወጣ፤ ትርጓሜው «ነፃ» ማለት ነው። ዘመኑ ጄኔራል ፍራንኮ ገና በሥልጣን ላይ የነበሩበት ነው። ዘፈኑ ሃያ ዓመት ስላልሞላው፥ ፍቅሩን ይዞ፥ አጥር አያግደኝም ብሎ ስለሚሄድ ወጣት ይተርካል። ብዙ ሰዎች ወጣቱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1962 በበርሊን ግንብ አጠገብ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በጥይት ተመትቶ የሞተው ፔተር ፌሽተር ነው ብለው ተረጐሙት። ዘፋኙም ዘፈኑ በወጣ በዓመቱ በሚያዝያ 1973 በመኪና አደጋ በሃያ ስምንት ዓመቱ ስለ ሞተ የወጣቱና የዘፋኙ ሞት በሰሚው ልብ ተቀላቀሉ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ከእኛው ታሪክ ጋራ ይመሳሰላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በመስከረም በቺሊ ወታደሮች የተመረጠውን መንግሥት ገልብጠው ሥልጣን ያዙ፤ ደጋፊዎቻቸውም «ሊብሬ»ን የራሳቸው መዝሙር አድርገው ወሰዱት። ብዙ ሰው በእስር በሚማቅቅበት አገር «ነፃ» የሚል ዘፈን በአሳሪው ወገን ተዘፈነ ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? እኛ የምናገኘው ምክንያት ይህ ነው። ነፃነት ብቻውን ሲጠራ የማን እንደ ሆነ ስለማይነገር የያዘው ሁሉ ይወስደዋል። የተወደደ ሰው ግን ስም ባይኖረውም ፊት አለው። የወጣቱን ፍቅር ከዘፈኑ ነጥሎ የጣለ ሰሚ ቀሪውን ቃል በየትኛውም ሰልፍ ላይ ሊያውለበልበው ይችላል። ፍቅሩን ያልጣለ ሰሚ ግን በአጥሩ ወዲያ የቀረችውን ሰው እየተመለከተ ስለሚዘፍን፥ አጥር የሚያጥሩ ሰዎች ዘፈኑን ሲወስዱበት ቢያንስ ግር ይለዋል። ወርቁን ብቻ የሚፈልግ ትርጓሜ ደካማነቱ በዚህ ነው፤ ያወጣው ወርቅ በማን እጅ እንደሚገባ አይጠይቅም።

ከእኛው አገር ደግሞ ለክርክራችን የሚረዳን የሃጫሉ ሁንዴሳ «ማላን ጅራ» ነው። በኦሮምኛ ትርጉሙ «ይህስ ምን መኖር ነው» እንደ ማለት ነው። ሃጫሉ በአምቦ የተወለደ፥ ገና በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት በወህኒ የቈየ ነው። ዘፈኑ በ2007 ዓ.ም. ሲወጣ የአዲስ አበባና የአካባቢዋ የጋራ ማስተር ፕላን ያስነሣው ተቃውሞ ተጀምሮ ነበር፤ ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ቢሰረዝም ተቃውሞው አልቆመም፥ ዘፈኑም አብሮት ዞረ። ሃጫሉ በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገድሏል።

ይህን ዘፈን ከ«አልቻልኩም» የሚለየው ባዶ ስፍራ አለመተዉ ነው። የሁለት ፍቅረኞች መለያየትና የመሬት መነጠቅ በአንድ ግጥም ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ለሌላው መሸፈኛ አልሆነም። ሰዎቹ የተለያዩት መሬቱ ስለ ተነጠቀ ነው፤ የመሬቱም መነጠቅ የሚታወቀው በሰዎቹ መለያየት ነው። በዚህ ምክንያት ወርቁን ፈልጎ ፍቅሩን ማፍሰስ አይቻልም፤ ቢፈስ ወርቁም አብሮ ይፈሳል። ከሥነ ጥበብ አንጻር «ማላን ጅራ»ን ከፍ ያለ ስፍራ የምንሰጠው ስለዚህ ነው። በዜማ ረገድ ግን ከጥላሁን ጋራ ማወዳደር አንፈልግም፤ ያን የመሰለ ክርክር ቡና ሦስት ጊዜ ተፈልቶም አያልቅም።

አንድ ሰው «ይህ ሁሉ ለመሀል አገር ሰው ነው፤ በማሻ ያለ ሰሚስ ምን ይሰማል?» ቢለን ጥያቄው ተገቢ ነው። ማሻ የሸካ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከጎሬ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፥ ዝናብ በማይሰለችበት፥ እንሰትና ማር በሞላበት ደጋ ላይ ትገኛለች። ሸካ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባች ወዲህ አማርኛ ወደዚያ የደረሰው በሹም፥ ኋላም በትምህርት ቤት በኩል ነው። የአካባቢው ሰው በቤቱ የሚናገረው ሸክኛ ነው። እንዲህ ላለው ሰሚ ሰምና ወርቅ ከእናት ጡት ጋራ የተጠባ ጥበብ ሳይሆን ለፈተና የተጠና ምዕራፍ ነው። ታዲያ መምህራን አንዳንድ ጊዜ እንደሚሉት ይህ ሰሚ ዘፈኑን በግማሹ ብቻ ነው የሚሰማውን?

አይደለም እንላለን። በማሻና በአካባቢዋ ወርቅ ፍለጋ ሳይኬድ ሰሙ ራሱ የነፃነት ጉዳይ የሆነበት ኑሮ አለ። በሸካና በካፋ ማንጆ ተብለው የሚጠሩ ወገኖች ከጥንት ጀምሮ ከሌላው ተለይተው ኖረዋል። በደን ውስጥ በአደን፥ ኋላም ማገዶና ከሰል በመሸጥ የሚተዳደሩ ነበሩ፤ ሌላው ሕዝብ የማይበላውን የዱር እንስሳ ሥጋ ይበላሉ ተብለው በአንድ ገበታ እንዳይቀርቡ፥ በሰው ቤት ደጃፍ አልፈው እንዳይገቡ፥ ከሌላው ጋራም እንዳይጋቡ ተከልክለው ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለጋብቻ ዕድሜ የደረሱ ወንዶችና ሴቶች በዘር፥ በብሔር ብሔረሰብ ወይም በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው የመጋባት መብት ሰጥቷል። አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶችም ልጆቹን በአንድ ወንበር ላይ አስቀምጠዋል። ገበታውና ጋብቻው ግን አዋጁን የሚከተሉት ከኋላ፥ እግራቸውን እየጎተቱ ነው። በአንድ ክፍል የተማሩ ሁለት ወጣቶች ቢዋደዱ በቤተ ዘመድ ፊት ገና ብዙ ይጠብቃቸዋል። ከእነዚህ አንዱ በሬዲዮ «አልቻልኩም» ሲባል ቢሰማ የጄኔራል መንግሥቱን ታሪክ ማወቅ ያስፈልገዋልን? ዘፈኑ ምንም ሳይተረጐም ስለ ፍቅሩ ይናገራል፤ ስለ ፍቅሩ በመናገሩም ስለ ነፃነቱ ተናግሮ ጨርሷል። እኛ በኮሌጅ ያለነው ወርቁን ፍለጋ ወደ ቤተ መንግሥት ስንሮጥ፥ በደጃችን የነበረውን ሰው አልፈነው ሄደናል።

ይህን በልብ ወለድ ያስተዋሉ ደራሲ ቀድመውናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የባላባትነት ሥርዐት ምሳሌ ብቻ አድርገው አላቆሟቸውም። ሥርዐቱን በግልጽ የሚነቅፍ ሰው ሲያሻቸው ጉዱ ካሣን አመጡ፤ እርሱ ይናገራል፥ ይሰደባል፥ እንደ እብድ ይቈጠራል። ሁለቱ ወጣቶች ግን አይሰብኩም፤ ይዋደዳሉ። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የተናጋው በጉዱ ካሣ ንግግር የበለጠ ወይስ በልጅቱ መውደድ? እያንዳንዱ አንባቢ ይፍረድ። እኛ በበኩላችን ፊታውራሪው ከንግግሩ ይልቅ መውደዱን እንደ ፈሩ እናያለን፤ ንግግሩን እብደት ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበርና።

አንዳንድ መምህራን እንዲህ ብለው ሊመልሱልን ይችላሉ፤ «በአፈና ዘመን ሕዝቡ ብሶቱን የሚተነፍስበት ቀዳዳ ይህ የሰምና ወርቅ ትርጓሜ ብቻ ነበር፤ እናንተ አሁን በደንብ ስም ልትዘጉት ነውን?» ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ በእስር ቤት ደጃፍ ቆሞ ዘፈን የሚሰማ ሰው የቅኔ ቤት ደንብ እንዲጠብቅ ማንም አይጠይቀውም። ነገር ግን እኛ የምንጽፈው ከተፈጸመ ከስድሳ ዓመት በላይ ስለ ሆነው ነገር ነው፤ የሰሚው መብት ሌላ፥ የሐያሲው ግዴታ ሌላ ነው። ሰሚው ባዶውን ስፍራ ሊሞላ መብት አለው። ሐያሲው ግን ስፍራው ባዶ እንደ ነበረ፥ ማን በምን ጊዜ እንደ ሞላውም መመስከር አለበት። አለዚያ ነገ ሌላው መጥቶ በሌላ ነገር ሲሞላው የምንቃወምበት ቃል አናገኝም፤ የቺሊውን ነገር ያነሣነው ስለዚህ ነበር።

የሸክኛ የፍቅር ዘፈኖችስ በዚህ ረገድ ምን ይላሉ? ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ነው፤ ቋንቋውን ከእናታቸው የተማሩ ተማሪዎች ከሁላችንም በፊት ሊጀምሩት ይገባል። ለዛሬው አንድ የሰዋስው ነገር ጨምረን እንተወው። አማርኛ በሁለተኛና በሦስተኛ መደብ ወንዱን ከሴቷ፥ ታላቁንም ከታናሹ ይለያል፤ አንተ፥ አንቺ፥ እርስዎ እያለ ሰውን በየማዕርጉ ያስቀምጣል። በአንደኛ መደብ ግን አይለይም። «አልቻልኩም» ሲባል ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት፥ ጌታ ይሁን ሎሌ፥ ሸከቾ ይሁን ማንጆ ከቃሉ አይታወቅም። ጥላሁን የዘፈነውን ርእስ አንዲት የማሻ ልጅ አንድ ፊደል ሳትለውጥ የራሷ አድርጋ ልትለው ትችላለች።